የመገናኛ መንገዳችን ይመለስልን፦ ለከተማችን አስተዳደርና ለከተማ ፕላን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን ከንቲባ፣
ይድረስ ለከተማ ፕላን፣ ለመሬት ልማትና ለመሠረተ ልማት ኃላፊዎች፣

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን አክብሮታዊ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው በቃልም በማመልከቻም ያቀረብነው አቤቱታ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራ ቆይቶ መልስ ስላላገኘ ነው። የከተማችንን ስም ሆን ብለን ትተነዋል። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልዲያም፣ በከሚሴም ያለ አንባቢ ደግሞ የራሱን ሰፈር እንዲያይበት እንፈልጋለን።

ጉዳያችን መንገድ ነው። አዲስ አስፋልት ይሠራልን አላልንም። በፕላኑ ላይ ተሥሎ፣ በችካል ተለይቶ፣ ለዓመታት ክፍት ሆኖ የቆየ ባለ 12 ሜትር መገናኛ መንገድ ነበረን። የማስፋፊያ ሰፈራችንን ከነባሩ ሰፈር፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከትምህርት ቤቱና ከገበያው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነበር። ይህ መንገድ ወደ መኖሪያ ቦታ ተሸንሽኖ ለግለሰቦች እንዲመራ ተወስኗል፤ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሯል። ስለ ውሳኔው የተጠየቀ ነዋሪ የለም። የተለጠፈ ማስታወቂያም አላየንም። ያወቅነው አጥሩ ሲቆም ነው።

ሰፈራችን እንዴት እንደተመሠረተ ላስረዳ፤ የችግሩ ሥር እዚያ ነውና። ከተራራው ሥር፣ ከዋናው አስፋልት በላይ ያለው ተዳፋት መጀመሪያ ለመምህራን የቤት ሥራ ማኅበር ተሰጠ። ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር መጣ። ከእርሻ መሬታቸው የተነሡ አርሶ አደሮች ምትክ ቦታ ያገኙት ከዚያ በላይ ነው። በመጨረሻ በሊዝ ጨረታ ያሸነፉ ሰዎች ገቡ። እያንዳንዱ ድርሻ በየጊዜው ለብቻው ተቀየሰ፣ ለብቻው ተሸነሸነ፣ ለብቻው ሳይት ፕላን ወጣለት። የአንዱ መንገድ ከጎረቤቱ መንገድ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ያየ ባለሙያ አልነበረም፤ የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረምና። የመምህራኑ መንገድ ከሠራተኞቹ አጥር ሲደርስ ይቆማል። የሠራተኞቹ መንገድ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ላይ ይቆማል። የአርሶ አደሮቹ መንገድ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ሁሉም በአንዲት የጠጠር መንገድ ወርደው ዋናውን አስፋልት ይገናኛሉ። አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ጎረቤቶች ቡና ለመጠራራት አንዱ እስከ ጠጠር መንገዱ ወርዶ እንደገና ዳገት መውጣት አለበት።

ከእኛ በታች ያለውን ነባሩን ሰፈር እዩት። ማንም መሐንዲስ አልቀየሰውም። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ መኪና የማያስገቡት ይበዛሉ። ነገር ግን አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይወጣል። ወደ ገበያ፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ያወጣው የሰው እግር ስለሆነ ሰው መድረስ ወደሚፈልግበት ያደርሳል። የደሴን ነባር ሰፈሮች በእግሩ የዞረ ሰው ይህን ያውቃል፤ በሁለት ግቢ መካከል የምታልፍ ቀጭን መንገድ ሳያስበው ከሌላ ሰፈር ታወጣዋለች። በባለሙያ የተቀየሰው የእኛ ሰፈር ያለ ፕላን ካደገው ሰፈር ያነሰ መውጫ እንዲኖረው መደረጉ በጣም ያሳዝነናል።

እኔ ይህን ደብዳቤ በቅሬያችን፣ ማለትም በሰፈራችን እድር ስም የምጽፈው ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በስሜት ተናገሩ እንዳንባል ሰፈሩን ለካሁት። የመንገድ ትስስር የሚለካባቸው ቀላል ስሌቶች አሉ። አንደኛው፣ በሁለት መገናኛዎች መካከል ያለውን እያንዳንዱን የመንገድ ክፍል ቆጥሮ ለመገናኛዎቹና ለመንገድ ጫፎቹ ድምር ማካፈል ነው። በካሬ ቅያስ፣ ማለትም ቀጥ ያሉ መንገዶች በየካሬው እየተሻገሩ በተዘረጋ ሰፊ ከተማ ውስጥ ውጤቱ ወደ 2 ይጠጋል። አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች አዲስ ሰፈር ከመፍቀዳቸው በፊት 1.4 እንዲደርስ ይጠይቃሉ። የእኛ ሰፈር ከ1 በታች ነው። ከ1 በታች ማለት በሰፈሩ ውስጥ ዞሮ የሚገጥም አንድም መንገድ የለም ማለት ነው፤ ሁሉም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከአንድ ግንድ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሌት በእግር የሚኬደውን ርቀት በቀጥታ መስመር ለሚለካው ርቀት ማካፈል ነው። በካሬ ቅያስ ከተማ ውስጥ ሰው ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ይህ ቁጥር ከ1.4 ብዙም አያልፍም፤ ጂኦሜትሪው ራሱ አይፈቅድም። የቅሬያችን ዕቃ ከሚቀመጥበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ቀጥታው 300 ሜትር ነው። ደወሉ ሲደወል ቤታችን ውስጥ ይሰማል። ልጆቻችን ግን 2 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር ይሄዳሉ፤ ሰባት እጥፍ ነው። መንገዱ ከመታጠሩ በፊት 450 ሜትር ይበቃቸው ነበር። አንድ የቆርቆሮ አጥር ያመጣው ልዩነት ይህ ነው፤ ማንም ባለሙያ ሜትሩን ይዞ መጥቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የደረሰብንን በየተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሕመምና ወሊድ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠራ፤ መጣም። ነገር ግን ብቸኛዋን የጠጠር መንገድ አሸዋ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ዘግቷት ነበር። ሌላ መግቢያ ስለሌለ አምቡላንሱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ቀረ። ወጣቶቹ እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው በዝናብ ወረዱ፤ አስፋልቱ ሳይደርሱ ወለደች። ጤና ጣቢያው ከቤቷ በረንዳ ላይ ይታያል። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ አላህ ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብለን አንተማመንም። የእሳት አደጋ መኪናም እንዲሁ ነው። አንድ ቤት በኤሌክትሪክ መስመር ምክንያት ሲቃጠል መኪናው ገብቶ መዞሪያ አጥቶ ወደ ኋላ እየነዳ ነው የወጣው፤ እሳቱን ያጠፋው ሰፈርተኛው በባልዲ ነው። በአሜሪካ ሻርለት ከተማ የተደረገ ጥናት፣ መንገዱ በተሳሰረ ሰፈር ያለ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ መንገዱ በተቆራረጠ ሰፈር ካለው ጣቢያ ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ቤቶችን በወቅቱ መድረስ እንደሚችል አሳይቷል። የእኛም ከተማ ያላት መኪና ውስን ስለሆነ ይህ ነገር እኛን ይበልጥ ይመለከተናል።

ሁለተኛ፣ ልጆች። አጥሩ ከቆመ ወዲህ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዋናው አስፋልት ዳር ነው። ይህ አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው አገር አቋራጭ መንገድ ነው፤ ከባድ መኪናዎች፣ የሕዝብ አውቶቡሶችና ባጃጆች ይጋፉበታል። በእኛ በኩል የእግረኛ መንገድ የለውም። ትልልቆቹ ልጆች አስፋልቱን ትተው ገደሉን በአቋራጭ ይሻገራሉ፤ በጋ ላይ ይቻላል፣ ክረምት ላይ ግን ጎርፍ ይወርዳል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ልጅ ደብተሩንና አንድ እግር ጫማውን ጎርፍ ወስዶበት እሱን ጎረቤት ጎትቶ አውጥቶታል። በዚያ ገደል ላይ የእግረኛ ድልድይ ይሠራል ተብሎ ከነዋሪው ገንዘብ ተሰብስቧል። ደረሰኙ በእጃችን አለ፤ ድልድዩ ግን የለም።

ሦስተኛ፣ ውሃ። ይህን ብዙ ሰው ከመንገድ ጋር አያይዞ አያየውም፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። የውሃ ቧንቧ የሚቀበረው መንገድን ተከትሎ ነው። መንገዱ ሲቆም ቧንቧውም ይቆማል። መንገዶች ከተሳሰሩ ቧንቧውም ዞሮ ስለሚገጥም አንድ ቦታ ቢሰበር ውሃው በሌላ በኩል ይመጣል፤ ግፊቱም ይመጣጠናል። በእኛ ሰፈር ቧንቧው ሁሉ ጫፉ ድፍን ነው። ታች አንድ ቦታ ሲፈነዳ ከዚያ በላይ ያለው ቤት በሙሉ ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን እንኳ ጫፍ ላይ ያሉት የአርሶ አደሮቹ ቤቶች የሚደርሳቸው ሌሊት ሁሉም ሰው ቧንቧውን ሲዘጋ ነው። ጫፉ ላይ ተኝቶ የሚሰነብተው ውሃ ሲለቀቅ ደፍርሶና ዝቃጭ ይዞ ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች ለከተማው ሲሉ እርሻቸውን የለቀቁ ናቸው። የመጨረሻውን ጠብታ የሚጠብቁት እነሱ መሆናቸው ፍትሕ አይደለም።

አራተኛ፣ ጎርፍ። የውሃ መውረጃ ቦይም መንገዱ ባለቀበት ያልቃል። ጌጠኛ ድንጋይ ያነጠፍነው ከኪሳችን አዋጥተን ነው፤ ቦዩንም አብረን ሠርተናል። ነገር ግን መንገዱ አጥር ላይ ሲቆም ቦዩም አጥሩ ሥር ስለሚቆም የተራራው ውሃ በሰው ግቢ ውስጥ ሰብሮ ያልፋል። የታጠረው የመገናኛ መንገድ የተፈጥሮ መውረጃ መስመርም ነበር። እዚያ ላይ ቤት ሲሠራ ውሃው መጀመሪያ የሚመታው ቦታውን የተመሩትን ሰዎች ራሳቸውን ነው።

አምስተኛ፣ ኑሮ። እንጀራ ጋግረው፣ ቅመም ቀምመው ገበያ የሚያወርዱ እናቶች ድሮ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ አሁን ሸክሙን ይዘው አስፋልቱን መዞር ስለማይችሉ ለባጃጅ ይከፍላሉ። የዕለት ትርፋቸው ለባጃጅ ነው የሚሄደው።

ስድስተኛ፣ ቅሬያችን። ይህ በሪፖርት ላይ የማይጻፍ ጉዳት ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። የቅሬያችን አባላት ከነባሩ ሰፈርም ከማስፋፊያውም ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ እህልና ውሃ ይዞ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን፣ የተጣላ የሚያስታርቅ እሱ ነው። ዛሬ ከነባሩ ሰፈር ያሉ አዛውንቶች ወደ እኛ ለለቅሶ መምጣት አልቻሉም፤ ጉልበታቸው አስፋልቱን ዞሮ ዳገት አያስወጣም። ጀናዛ በቶሎ መድረስ አለበት፤ እኛ ግን ሬሳ ተሸክመን በከባድ መኪና መካከል አስፋልት ለአስፋልት እንጓዛለን። ሹፌሮቹ አክብረው ይቆማሉ፤ ከኋላ ያለው ግን ለምን እንደቆመ ስለማያውቅ ጥሩምባ ይነፋል። ባለፈው ዓመት ከነባሩ ሰፈር ያሉ አባላት ቅሬውን ለሁለት እንክፈለው የሚል ሐሳብ አንስተዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ደርግም ሲመጣ፣ ደርግም ሲሄድ፣ በጦርነቱም ጊዜ ያልተከፈለ ቅሬ በአንድ አጥር ሊከፈል ነው።

እስካሁን በቃል የተሰጡን መልሶች አሉ፤ በቅንነት እንመልሳቸዋለን።

«ቦታው ተራራማ ስለሆነ መንገድ ለማገናኘት አይመችም» ተብለናል። ወሎ ተራራ መሆኑን እናውቃለን። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጠግታ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ እንደ ሜዳ አገር ቀጥ ያለ ቅያስ ይዘርጋ የሚል የለም። ተዳፋት ላይ የመኪና መንገድ አግድም የተራራውን ወገብ ይዞ ይሄዳል፤ የሚጎድለው ቁልቁል የሚያገናኘው ነው፣ እሱንም ደረጃ ይሞላዋል። በአሜሪካ ፒትስበርግ የምትባል ኮረብታማ ከተማ ከ700 የሚበልጡ የሕዝብ ደረጃዎች አሏት፤ ብዙዎቹ በካርታ ላይ እንደ ማንኛውም መንገድ ስም ወጥቶላቸው ተመዝግበዋል። የእኛ አገር ድንጋይ ጠራቢ ከማንም አያንስም። ደግሞም የታጠረብን መንገድ ደረጃ እንኳ የማያስፈልገው ለጥ ያለ መሬት ነው።

«ቤት ፈላጊው ብዙ ነው፣ መሬት የለም» ተብለናል። የቤት ችግሩን አንክድም። የወልዲያ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 24,533 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 46,139 ሆኗል። በእነዚሁ ዓመታት የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ ከ39,466 ወደ 58,667 ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ሥራ ፈላጊውና ቤት ተከራዩ ጨምሯል። ከተሞቻችን ያድጋሉ፤ ማደግም አለባቸው። ነገር ግን ለጥቂት ቤቶች ሲባል የመቶዎችን መውጫ መዝጋት ቤት መስጠት አይባልም። ቦታውን የተመሩት ሰዎችም ጠላቶቻችን አይደሉም። እንደኛው ቆጥበው፣ ተራ ጠብቀው ያገኙት ነው። ያሳሳታቸው መንገድን እንደ ትርፍ መሬት የቆጠረው ውሳኔ ነው።

«የሚያሳልፍ መንገድ ሌባ ያበዛል» ያሉንም አሉ። በእኛ ሰፈር ሰው ማታ የሚፈራው መንገዱ አጥር ላይ የሚቆምባቸውን ጥጎች ነው፤ ማንም አያልፍባቸውምና። ነባሩ ሰፈር ውስጥ ሱቅ እስከ ምሽት ክፍት ነው፣ ሰው ይመላለሳል፣ ሁሉም ሁሉን ያያል።

ከሁሉ የከፋው መልስ ግን «አሁን ይቆይ፣ ወደፊት በመልሶ ማልማት ይከፈታል» የሚለው ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ሌላ ይሠራል፤ መንገድ ግን አንዴ ከተቀየሰ በኋላ አይንቀሳቀስም። በ2020 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ባሪንግተን-ሊ እና አዳም ሚላርድ-ቦል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዓለምን የመንገድ መረብ ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ወስደው መርምረው ነበር። ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ የዓለም ክፍል የተሠሩት አዳዲስ መንገዶች ከቀደሙት ይልቅ ግንኙነታቸው እየላላ፣ ጫፋቸው ድፍን የሆነው እየበዛ መሄዱን አሳይተዋል። አንድ ሰፈር ሲመሠረት የያዘው የመንገድ ቅርጽ ለረጅም ዘመን እንደሚጸናም አስረድተዋል። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ብለው ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ይህ የመቆራረጥ አዝማሚያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጫፍ ደርሶ ከዚያ በኋላ መቀነስ ጀምሯል። በመኪና የሚኖሩት ሰዎች እንኳ ጉዳቱን አይተው ሲመለሱ፣ በእግራችን የምንኖረው እኛ ወደዚያ መሄዳችን ለምንድነው? የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ አዲስ ሰፈር መንገዱን ከአጎራባቹ ጋር ካላገናኘ ግዛቱ መንገዱን ተረክቦ አይጠግንም ብሎ ነበር።

የራሳችንም አገር ልምድ አለ። በባሕር ዳር፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የከተማ ማስፋፊያ ሥራ ሲሠራ የተያዘው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ሰው ሳይሰፍር በፊት በከተማው ዳርቻ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ርቀት 30 ሜትር ስፋት ያላቸውን ዋና ዋና መንገዶች ቀድሞ መለየትና መጠበቅ። አስፋልቱ ዛሬ ባይነጠፍም መሬቱ እንዳይያዝ ነው። ይህን ለማድረግ ቀያሽ፣ ችካልና ችካሉን የሚጠብቅ አስተዳደር ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጆች መኖሪያ ፕሮግራምም (ዩኤን-ሃቢታት) ከከተማ መሬት ቢያንስ 30 በመቶው ለመንገድ እንዲውል፣ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። የእኛ ከተማ ግን የነበራትን ትቀንሳለች።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ፣ ልማትም በጸደቀ ፕላን እንዲመራ ይደነግጋል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሲወጣም ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ በከተማው ፕላን መሠረት የተዘጋጀ፣ መሠረተ ልማት የሚደርሰው እንዲሆን አዟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በፕላን ላይ ያለን መንገድ ነዋሪ ሳይጠየቅ ወደ መኖሪያ ቦታ መለወጥ ከነዚህ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንፈልጋለን።

ክቡራን ሆይ፣ ጥያቄዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

1. የመገናኛ መንገዱን ወደ መኖሪያ ቦታ የለወጠው ውሳኔ ይሻር። በቦታው ላይ ግንባታ ሳይጀመር አጥሩ ተነሥቶ ችካሉ ወደ ቦታው ይመለስ። ዛሬ የሚነሣው ቆርቆሮ ነው፤ ከዘገየ ግን ቤት ፈርሶ ካሳ ይከፈላል።

2. ቦታውን ለተመሩት ሰዎች በአስቸኳይ ተመጣጣኝ ምትክ ይሰጣቸው። መጉላላት የለባቸውም። ቅሬው ምትኩን በመፈለግ አብሮ ለመሥራት ዝግጁ ነው።

3. ለገደሉ የእግረኛ ድልድይ የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንደደረሰ ይገለጽ፤ ድልድዩም ክረምቱ ሳይገባ ይሠራ። ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን፤ ድንጋይና አሸዋም እናቀርባለን። መሐንዲስና ሲሚንቶ ይሰጠን።

4. በመምህራኑና በሠራተኞቹ ማኅበር መካከል፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እንዲሁም ወደ አርሶ አደሮቹ ሰፈር መውጫ ላይ መንገዶቹን የሚያጋጥሙ ጠባብ የእግር መንገዶችና ደረጃዎች ይከፈቱ። ሦስቱም ቦታ ላይ ከአጥራቸው ጥቂት ለመልቀቅ የተስማሙ ባለ ይዞታዎች አሉ፤ ፊርማቸውን የያዘው ቃለ ጉባኤ ከማመልከቻችን ጋር ተያይዟል።

5. ከእንግዲህ ማንኛውም የማኅበር ወይም የሊዝ ቦታ ሲሸነሸን መንገዱ ከአጎራባቹ መንገድ ጋር መግጠሙ ሳይረጋገጥ፣ ቢያንስ ሁለት መውጫ ሳይኖረው ሳይት ፕላኑ አይጽደቅ። ይህን የሚያረጋግጥ አንድ ባለሙያ በስም ይመደብ።

6. ከሰፈራችን በላይና በከተማው ሌሎች ዳርቻዎች ገና ያልተያዘው መሬት ላይ የወደፊቱ ዋና መንገዶች አሁኑኑ ተቀይሰው በችካል ይለዩ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ሰዎች የእኛን ደብዳቤ እንደገና እንዲጽፉ አንፈልግም።

7. የከተማው መዋቅራዊ ፕላንና የየሰፈሩ ዝርዝር ፕላን ነዋሪ በሚያየው ቦታ፣ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚሻሻል ነገር ሲኖር ከመወሰኑ በፊት ይነገረን።

8. ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ይሰጠን፤ ከዚያም በፊት አንድ ቀን ከእኛ ጋር በእግር ከቅሬው ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ እንድትሄዱ እንጠይቃለን። ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ ልጆቹ በሚሄዱበት ሰዓት ቢሆን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣

የማስፋፊያው ሰፈርና የነባሩ ሰፈር የጋራ ቅሬ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣ ቀያሽ
የቅሬው ጸሐፊ
የቅሬው የሴቶች ተጠሪ
የመምህራን ቤት ሥራ ማኅበር ተወካይ
ምትክ ቦታ የተሰጣቸው አርሶ አደሮች ተወካይ
የሰፈሩ ወጣቶች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት አባላት
ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው አስተዳደር
በወሎ ከተሞች ማስፋፊያ ሰፈሮች ለሚገኙ ቅሬዎች ሁሉ